ከሆድ እስከ አፍ የሄደ እጅ

ይህን እጅ ተመልከቱ። የወጣት ሴት እጅ ነው፤ ቀጭን፣ ጥፍሮቹ ላይ የእህቷ ሰርግ ሂና ገና ያልለቀቀ። መጀመሪያ አልጋ ላይ የተኛ ሰው ግራ ጎን ላይ ያርፋል። ከዚያ ሰውየውን ሳይነካ፣ አየር ላይ፣ በደረቱ ትይዩ ወደ ላይ ይወጣል። ጉሮሮው ጋ ሲደርስ ቆም ይላል። ቀጥሎ ወደ ልጅቷ ወደ ራሷ አፍ ይመጣና አምስቱም ጣቶች ብትን ይላሉ። ነጭ ጋዋን ለብሰው አልጋውን የከበቡ ስምንት ልጆች አሉ። ጣቶቹ ብትን ሲሉ ስምንቱም ሰውየውን ያዩታል፤ ወዲያው ደግሞ ወለል ወለሉን ያያሉ።

እጁ ምን እያለ እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ነገሩ የሚመለከታቸው ሰዎች አልተነገራቸውምና እናንተ እንኳን እወቁት። "በዚህ ሰውዬ ጉሮሮ ውስጥ ያሉት ደም ሥሮች ተወጥረዋል። በጊዜ ካልታሰሩለት አንድ ቀን ይፈነዱና ደም አስታውኮ ይሞታል" ነው የሚለው። ልጅቷ ይህን በእንግሊዝኛ፣ ጥርት አድርጋ ተናገረች። አልጋው ዙሪያ ካሉት ያልገባቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንደኛው የሚሞተው ሰው፣ ሁለተኛዋ ባሏ የሚሞትባት ሴት።

ሴትዮዋ መስቱራ ትባላለች። ከአልጋው ግርጌ ሲሚንቶው ላይ፣ ገላዋ ላይ የጠቀለለችውን ቶብ ጉልበቷ ሥር ሸጉጣ፣ ምሳ ዕቃውን አስደግፋ የምትቀመጠው እሷ ናት። ያ ሆስፒታል ለበሽተኛ አልጋ ይሰጣል እንጂ አስታማሚውን የሚያየው እንደ ዕቃ ነው፤ ስለዚህ ስምንቱ ልጆች ሲመጡ እግራቸውን አንስተው እሷን ተሻግረው ነበር የሚቆሙት።

የተወለደችው ከድንበራችን ማዶ፣ ቦይ ዳር ነው፤ ያገባችውም ቦይ ዳር። ከአባይ የተጠለፈው ውሃ ጥጡን ያጠጣል፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ አህያ ይጠጣበታል፣ ልጆች ይንቦጫረቁበታል። ጥጥ ለቅማ አደገች፤ የአጎቷን ልጅ ዳውን አገባች፤ አራት ወልዳ ሁለቱን ቀበረች። ዳው የቦይ ጠራጊ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ ደለልና ሣር ሲያወጣ ኖረ። በዚያ አገር በዚህ ሥራ የኖረ ሰው ምን እንደሚያገኘው ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ያውቃል ብሎም ሁሉም ዝም ይላል። የዳው ሆድ አበጠ፣ እጅና እግሩ ሰለለ፤ የመስኖው ጠባቂ "ዳው አረገዘ" እያለ ሲስቅበት ዳውም አብሮ ይስቅ ነበር። ሳቁ ሲያልቅ መስቱራ ወደ ከተማ ወሰደችው።

ሆስፒታሉ የሕክምና ኮሌጅ ማስተማሪያ ነው፤ እዚያ መምህሩ ዶክተር ኾጀሊ ነበረ። ዶክተር ኾጀሊ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። መምህራኑ አንድ በአንድ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሲሄዱ እሱ ከሁለት ሰው ጋር ቀርቶ ክፍሉን ተሸክሞ የቆመ ሰው ነው። በፊት በዚያ ኮሌጅ መምህሩ ያነባል፣ ተማሪው ይገለብጣል፤ ከዚያ ተማሪው በቃሉ ይወጣል፣ መምህሩ ያርማል። አንድ ልጅ ስድስት ዓመት ሙሉ አፉን ሳይከፍት ሐኪም ሆኖ ይወጣ ነበር። ዶክተር ኾጀሊ ይህን ጠላ። "እኔ አንድ አፍ ነኝ፣ እናንተ አርባ ናችሁ" አላቸው። "ከዛሬ ጀምሮ የምታስተምሩት እናንተ ናችሁ። አንዳንድ በሽተኛ እየያዛችሁ በየማክሰኞው ለስምንት ጓደኞቻችሁ ታስተምራላችሁ። እኔ ከኋላ እቆማለሁ። ጥያቄ ያልጠየቀ የሚቀጥለው አስተማሪ እሱ ነው።"

መልካም ሐሳብ ነው። ይህን የምለው ቆይቼ ስቆጣ ሐሳቡን የጠላሁ እንዳይመስላችሁ ነው። ያስተማረ ሰው ሁለት ጊዜ ይማራል። ዲዳ የነበሩ ልጆች አፍ አወጡ፤ ከነዚህ አንዷ ያቺ የሂናዋ ልጅ፣ ተይሲር ነበረች፤ የደረሳት በሽተኛ ደግሞ ዳው።

ተይሲር የመጀመሪያው ማክሰኞ ስትመጣ ወረቀቷን በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር። ሻሿ ግንባሯ ላይ ረጥቧል። እጇን ወደ ዳው ሆድ ትዘረጋለች፣ ትመልሳለች። በመጨረሻ ዳው ራሱ አዘነላትና እጇን ይዞ ሆዱ ላይ አሳረፈላት።

"አይዞሽ ዶክቶራ፣ ልጄ። አይነክስም።"

"ይቅርታ፣ አጎቴ። እጄ ቀዝቃዛ ነው።"

"በዚህ ሙቀት ቀዝቃዛ እጅ ከየት ይገኛል? እንደውም እዚያው ይቆይልኝ።"

ስምንቱም ሳቁ፣ ተይሲርም ሳቀች፤ ከዚያ በኋላ ንግግሯ ተፈታ። ዳው ጣራ ጣራውን እያየ በረጅሙ ይተነፍሳል፤ እሷ ጣቶቿን ከቀኝ ሆዱ ሥር ጀምራ በሰያፍ ወደ ግራ ጎድኑ ስትሄድ ያበጠው ጣፊያ በትንፋሹ ወርዶ ጣቷን ይገፋዋል። ያንን ጠርዝ በሰማያዊ እስክሪፕቶ ታሰምርበታለች። ቀጥሎ ጓደኞቿ ተራ በተራ ይጫናሉ፣ እያንዳንዱም የራሱን መስመር ያሰምራል። ሲሄዱ የዳው ሆድ የመስኖ ካርታ መስሎ ይቀር ነበር። መስቱራ ከሰዓት በኋላ ሎሚ ቆርጣ፣ ቀለሙን አሽታ ታስለቅቀዋለች። አንዳንዱ ልጅ ክፉኛ ይጫን ነበርና ሎሚው የሚያርፍበት ቆዳ በልዞ ታገኘዋለች።

ከጎን አልጋ ላይ ጃብር የሚባል ሽማግሌ ነበር፤ እሾህ የወጋው እግሩ ዓመታት አብጦ አብጦ ከጉልበቱ በታች የተቆረጠ።

"አንተ ዳው" ይለዋል፣ "ሆድህ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ አንተ እዚሁ ቀረህ።"

"ያንተ እግር ቀድሞ ተመርቆ ወጥቶ የለ እንዴ?" ይለዋል ዳው።

በዚያ አገር አንድ ልጅ ሕክምና ትምህርት ቤት በገባ ማግስት ነው "ዶክተር" የሚባለው። እናቱ እንዲያ ትጠራዋለች፣ ባለሱቁ ይጠራዋል፣ አውቶቡስ ላይ ቦታ ይለቀቅለታል። ስለዚህ መስቱራ ተማሪ አላየችም። ያየችው ስምንት ሐኪም ነው። መንደር ደርሳ ስትመጣ ለጎረቤቶቿ "ዳውን ስምንት ዶክተር ነው የሚያየው" ብላ ነበር፤ ጎረቤቶቿም "እንግዲህ ይድናል" ብለው ነበር። ሆዱን ከሚጫኑት ስምንት እጆች አንዱ እንኳ መድኃኒት ማዘዝ እንደማይችል ማን ነገራት? ትምህርቱን ሕክምና አድርጋ ተቀበለችው። በየማክሰኞው ባሏን አጥባ፣ ቅባት ቀብታ፣ ንጹሕ ጀላቢያ አልብሳ ትጠብቃቸው ነበር።

ግን ዓይን አላት። በሁለተኛው ማክሰኞ ያቺን እጅ አየቻት፤ ከሆድ ተነሥታ፣ በደረት አልፋ፣ ጉሮሮ ጋ ቆማ፣ አፍ ፊት ብትን የምትለውን። በሦስተኛውም አየቻት፤ ልጆቹ ወለል ወለሉን ሲያዩም አየች። እነሱ ሲወጡ ተይሲርን ጋዋኗን ይዛ አስቀረቻት።

"ዶክቶራ፣ ይቺ ምንድን ናት?" አለችና በራሷ እጅ አሳየቻት፤ ከሆድ፣ በደረት፣ ጉሮሮ፣ ከዚያ ብትን።

ተይሲር የመስቱራን እጅ አየች፣ ዳውን አየች። ዳው ፈገግ ብሎ ይጠብቃል።

"ትምህርት ናት፣ አክስቴ።"

"ደግ ነገር ናት?"

"ትምህርት ናት" አለች ተይሲር እንደገና፤ ጓደኞቿም ኮሪደሩ ላይ ጠሯት።

"ተያት ልጅቷን" አለ ዳው። "እንዴት አድርጋ እንደምትናገር አልሰማሽም? እንደ ውሃ! በመጀመሪያ ቀን እኮ ስሟም ጠፍቷት ነበር። እኔ ሆድ ላይ ነው የበሰለችው።"

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ስንት ጊዜ ሰምተነዋል፤ ሁልጊዜ በድሃው ላይ የምንተርተው ተረት ነው። ከበሽተኛው የተደበቀ በሽታስ? ለእሱስ ተረት አለን? ዳው አንዳች አልደበቀም። ሆዱን ገልጦ፣ ትንፋሹን ስቦ፣ ለሚጫን ሁሉ ሰጠ። የደበቁት ሌሎች ናቸው፤ ያውም ጮክ ብለው እየተናገሩ።

የክፍሉ ሐኪም፣ እውነተኛው ሐኪም፣ ለዳው የቱቦ ቀጠሮ ይዞለት ነበር። ቱቦው በአፍ ይገባል፤ ካሜራ አለው፤ የተወጠሩትን ደም ሥሮች ያያቸዋል፣ ባየበትም በላስቲክ ያስራቸዋል። ይህን ለዳው ማን ማስረዳት ነበረበት? ሐኪሙ ልጆቹ ነግረውታል ብሎ አሰበ፤ በየሳምንቱ እያስተማሩበት እንዴት አይነግሩትም? ልጆቹ ሐኪሙ ነግሮታል ብለው አሰቡ። ዶክተር ኾጀሊ ከኋላ ቆሞ ነበር። ከዚህ ሁሉ አፍ መካከል ለዳው የደረሰው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ "ረቡዕ ቱቦ አለህ።"

ረቡዕ ደግሞ የፈተናው ቀን ሆነ።

የተማሪዎቹ አለቃ ሐቲም ይባላል። የተቆጣጣሪነት ነገር የማይወድ፣ ደግ፣ ሮጦ የሚያደርስ ልጅ ነው። ከውጭ የሚመጡት ፈታኞች ጥሩ ጣፊያ እንደሚወዱ፣ በክፍሉም ከዳው የተሻለ ጣፊያ እንደሌለ ያውቃል። ባዶ እጁን አልመጣም፤ አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዞ፣ ተይሲርን አስከትሎ መጣ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ስለ ጤናው ጠየቀ፣ ስለ ልጆቹ ጠየቀ፣ ስለ ጥጡ ጠየቀ፤ ከዚያ ወደ ነገሩ ገባ።

"ሐጅ፣ አንድ ነገር ልናስቸግርዎት ነበር። ረቡዕ ፈተናችን ነው። ቱቦው ወደሚቀጥለው እሑድ ቢገፋልን፣ እርስዎን ካላገኘን አለቀልን።"

"ቱቦው ምን ያደርጋል?" አለ ዳው።

"ማያ ነው። ውስጥ ለማየት።"

"ከውጭ አርባ ሰው አይቶኝ የለ? ውስጡ ይጠብቃ።" ሳቀ። ጃብርም ከጎን ሳቀ።

መስቱራ አልሳቀችም። "ቢገፋ ምንም አይሆንም?" አለች። ሐቲምን አይደለም የጠየቀችው፤ ከኋላው የቆመችውን ነው። "ዶክቶራ፣ ምንም አይሆንም?"

ተይሲር ብርቱካኑን አየች። ፈተናው የሷም ፈተና ነው። አባቷ ያለ እረፍት መኪና እየነዳ ነው የሚያስተምራት። እነዚህ ሁሉ ምክንያቶች ናቸው፤ ምክንያት ግን ደም አያቆምም።

"ከፈተናው በኋላ ወዲያው ነው፣ አክስቴ" አለች።

የተጠየቀችው ይህን አልነበረም። መስቱራም ልብ ብላዋለች። ግን ዳው ቀደማት፤ "እንዴ፣ እምቢ እንዴት እላለሁ?" አለ። "ልጆቻችን ናቸው። ብርቱካን ይዘው መጥተው?" እንግዳን በባዶ እጅ መመለስ ለዳው ከቱቦም ከበሽታም የባሰ ነገር ነው። ሐቲም ሄዶ ቀጠሮውን አስቀየረ፤ ለዶክተር ኾጀሊም "በሽተኛው ተስማምቷል" ብሎ ነገረው፤ ዶክተር ኾጀሊም "ጎበዝ፣ ማስፈቀድ እንዲህ ነው" አለ። ተስማምቷል! የማያውቀውን ነገር የተስማማ ሰው ተስማማ አይባልም። ይሉኝታ ያዘው ነው የሚባለው።

ረቡዕ ፈታኞቹ መጡ። ዳው ከጠዋት እስከ ቀትር አልጋው ላይ ተንጋሎ ዋለ። መስቱራን ከክፍሉ አስወጧትና በመስኮቱ ነበር የምታየው። አንዱ ይገባል፣ ይጫናል፣ ይናገራል፣ ይወጣል፤ ሌላው ይገባል። የተይሲር ተራ ሲደርስ እጇን አየቻት፤ ከሆድ፣ በደረት፣ ጉሮሮ፣ አፍ፣ ብትን። ፈታኙ ራሱን ነቀነቀ። ደስ ብሎታል።

ሁሉም አለፉ። ኮሪደሩ እልልታ በእልልታ ሆነ። ልጆቹ አዋጥተው ለዳው አዲስ ነጭ ጀላቢያ ገዝተውለት ነበርና ሐቲም በራሱ እጅ አለበሰው። "እርስዎ ነዎት ያስተማሩን፣ ሐጅ" አለው። ዳው አለቀሰ። በማግስቱ አልጋው ለሌላ ሰው ተፈለገ፤ ፈተና አልፏልና። "እሑድ ለቱቦው ትመጣላችሁ" ተብለው ወደ መንደራቸው ተላኩ።

ዓርብ ዳው አዲሱን ጀላቢያ ለብሶ መስጊድ ሄደ። ሰላት ሲያልቅ ከጎረቤቶቹ ጋር ትሪ ከበው ኪስራ የሚሉትን ስስ እንጀራ በባሚያ ወጥ በሉ። ስለ ልጆቹ ሲያወራላቸው ነበር። ድንገት ሆዱን ያዘ፣ ግራ ጎኑን። ከዚያ እጁ በደረቱ ላይ ወጣ፤ ጉሮሮው ጋ ቆመ። መስቱራ ከደጃፉ ሻይ ይዛ እየመጣች ነበር። አየችው። ቀጥሎ የሚመጣውን ዐወቀችው፤ ሦስት ጊዜ ተምራዋለችና። ሻዩን ጥላ ሮጠች፤ ሳትደርስ ደሙ ከአፉ ፈነዳ፣ ትሪው ላይ፣ አዲሱ ጀላቢያ ላይ፣ ከበው በተቀመጡት ሰዎች እጅ ላይ።

መኪና ተፈልጎ፣ ተገኝቶ፣ ጭነቱ ወርዶ ዳው ሲጫን ገና ይተነፍስ ነበር። ከቦዩ ድልድይ ሳያልፉ አበቃ።

አስከሬኑን ያጠበው ወንድሙ ቡሻራ ነው። ሲጨርስ እጁን እያደረቀ ወደ መስቱራ መጣ።

"ሆዱ ላይ ሰማያዊ መስመር አለ። አልለቅ አለኝ። ምንድን ነው?"

"ትምህርት ነው" አለች መስቱራ።

ሎሚ አልሰጠችውም። ዳው ከነመስመሩ ተቀበረ።

ቅዳሜ ተማሪዎቹ በአውቶቡስ መጡ። ለቅሶ መድረስን ያውቁበታል፤ አንድም አልቀረም። ወንዶቹ ከዶክተር ኾጀሊ ጋር ድንኳኑ ውስጥ ገብተው እጃቸውን ዘርግተው ፋቲሓ አደረጉ። ሴቶቹ ወደ ግቢው ዘለቁ። ተይሲር ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተንበርክካ የመስቱራን ትከሻ አቀፈች፤ ሁለቱም አለቀሱ፣ ደንቡ እንደሚያዝዘው። ከዚያ መስቱራ እንባዋን በቶቧ ጫፍ ጠረገችና እጇን አነሣች። ከሆድ። በደረት። ጉሮሮ። አፍ ፊት ብትን አደረገችው።

ሴቶቹ ተጠጉ።

"ይቺ ምንድን ናት ብዬሽ ነበር" አለች። "ትምህርት ናት አልሽኝ። ዛሬ አስተምሪኝ።"

"አክስቴ..."

"በኛ አፍ። እነዚህም ይስሙ። አርባ ሰው የሰማውን እኛ ብንሰማ ምን አለበት?"

ተይሲር ተቀመጠች። ወረቀት አልያዘችም።

"ውሃው ውስጥ ትል አለ። በዓይን አይታይም። በቆዳ ይገባና ጉበት ጋ ሄዶ ይቀመጣል። ክኒን ትሉን ይገድለዋል፤ ጠባሳው ግን ይቀራል። ጉበቱን ጠባሳ ሲሞላው ደሙ ማለፊያ ያጣል።" ሴቶቹን አየች። "ቦይ በደለል ሲዘጋ ውሃው ምን ያደርጋል?"

"ዳሩን ይንዳል" አለች አንዲት አሮጊት።

"ደሙም እንደዚያው ነው። ጣፊያ ውስጥ ይተኛል፣ ሆድ ያብጣል። ሌላ መንገድ ሲፈልግ ጉሮሮ ውስጥ ባሉት ቀጫጭን ደም ሥሮች ይሄዳል። እነሱ ደግሞ ያን ሁሉ አይችሉም። ይወጠራሉ። አንድ ቀን..." እጇ ተነሣ፣ መንገዱን ግን አልጨረሰም።

"ቱቦውስ?" አለች መስቱራ።

"ቱቦው የተወጠሩትን ያስራቸው ነበር።"

"ረቡዕ ቢታሰሩለት?"

"ምናልባት ዛሬ ይኖሩ ነበር።"

"አንቺ ይህን ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር፣ አክስቴ።"

"ብርቱካኑን ይዛችሁ የመጣችሁ ለት?"

"ከመጀመሪያው ማክሰኞ ጀምሮ።"

ማንም አልጮኸባትም። ቢጮኹባት ይሻላት ነበር። መስቱራ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"ስምንት ሰው አስተማርሽ" አለች። "ዳው ዘጠነኛ ነበር። እኔ ዐሥረኛ ነበርኩ። እዚያው ነበርን እኮ። እግርሽ ሥር ነበርኩ።"

ከዚያ ያደረገችውን ማንም አልጠበቀም። ምንጣፉ ላይ በጀርባዋ ተጋደመችና ቀሚሷን ከሆዷ ላይ ገለጠች። "እኔም እዚያው ውሃ ውስጥ ነው ልብስ ሳጥብ የኖርኩት። ተጫኚ።" ሁለት ሴቶች ተነሥተው ቶባቸውን ዘርግተው ጋረዷት። ተይሲር እጇን ጭና ከቀኝ ሥር ጀመረች። "ይተንፍሱ" አለች። መስቱራ ተነፈሰች። ጣቶቹ እምብርቷን አልፈው ትንሽ እንደሄዱ ቆሙ። ተይሲር አንድ ጊዜ አይበቃኝም ብላ እንደገና ከሥሩ ጀመረች። እንደገና እዚያው ቆሙ።

"ተናገሪ" አለች መስቱራ ጣራውን እያየች። "በኛ አፍ።"

"አለ። እርስዎም ጋ አለ። ነገ እሑድ ነው። የአጎቴ ዳው ቀጠሮ አልተሰረዘም።"

ቡሻራ ይህን ሲሰማ ከድንኳኑ መጣ። "ባሏ የሞተባት ሴት የሐዘን ወራቷን ሳትጨርስ ከቤት አትወጣም" አለ ከጋረዱት ቶቦች ውጭ ቆሞ። "ሰው ምን ይላል?"

"ወንድምህን የገደለው ይሄው 'ሰው ምን ይላል' ነው" አለችው። "እኔን አይደግመኝም።"

ቡሻራ ወደ ድንኳኑ አልተመለሰም። መኪና ሊፈልግ ሄደ።

እሑድ ቱቦ ቤቱ በር ላይ አንዲት ነርስ የዳውን ስም ጠራች። ማንም አልተነሣም። ሁለተኛ ጠራች። መስቱራ ከነሐዘን ልብሷ ተነሣች፣ ተይሲር ክንዷን ይዛት። "እሱ አይመጣም" አለች። "ተራውን ለኔ ትቶልኛል።" ነርሷ የጻፈችው ስም የወንድ መሆኑን ልትናገር ነበር፤ የሴትዮዋን ፊት አይታ ተወችው። ደም ሥሯ ሦስት ቦታ ተወጥሮ ተገኘ። ሦስቱም ታሰረ።

ዛሬ መስቱራ አለች። በየጊዜው እየተመላለሰች ትታያለች፤ ቦዩ ግን ያው ነው፣ ውሃውም ያው፣ ሌላ ውሃ የለምና ልብሷን አሁንም እዚያው ነው የምታጥበው። ዶክተር ኾጀሊ ከዚያ ለቅሶ ሲመለስ አንድ ሕግ አወጣ፦ አስተማሪው ተማሪ ለጓደኞቹ አፉን ከመክፈቱ በፊት ትምህርቱን መጀመሪያ ለበሽተኛውና ለአስታማሚው በራሳቸው ቋንቋ ይናገራል፤ በሽተኛው የገባውን መልሶ ካልነገረው ወደ ጓደኞቹ አይዞርም። ተይሲር በዚያ ሕግ ነው የተመረቀችው። ሕጉ ጥሩ ሠራ። ከዚያ ጊዜ ይፈጃል ተባለ፣ ፈታኞች ሳቁበት፣ ዶክተር ኾጀሊም በመጨረሻ ጉልበቱ አልቆ እንደሌሎቹ ሄደ። ሕጉም ከሰውየው ጋር ሄደ። አሁን በዚያ ክፍል ማክሰኞ ማክሰኞ ልጆቹ ያስተምራሉ፤ አንደበታቸው ደስ ይላል፤ አንዲት ሴት ደግሞ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣ እጃቸውን ታያለች።

እንግዲህ ሕግ ካልቆየ የሚቀረው ሰው ነው። የኛም ልጆች የሚማሩት እናቶቻቸው በማያውቁት ቋንቋ ነው፤ እናንተም አንድ ቀን አልጋው ላይ ወይም ሲሚንቶው ላይ ትሆናላችሁ። የዚያን ቀን ነጭ ጋዋን የለበሱ ልጆች ከበዋችሁ ሲቆሙ፣ አንዱ እጁን ከሆዳችሁ አንሥቶ አየር ላይ ሲነዳው ስታዩ፣ አትፈሩ፣ ይሉኝታም አይያዛችሁ። ብርቱካን ይዘው ቢመጡም አትፈሩ። ያችን እጅ አየር ላይ ሳለች ያዟትና "መጀመሪያ እኔን አስተምረኝ" በሉ። እስኪነግሯችሁ ድረስ አትልቀቋት፤ እባካችሁ።